«እሱን ብርድ አይነካውም»

ሐምሌ ላይ ነው። ታክሲያችን መብራት ይዞት ቆሟል፤ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ከአስፋልቱ ማዶ አንድ ሰው ማዳበሪያ ከረጢት ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ በባዶ እግሩ፣ ከማን ጋር እንደሆነ የማይታወቅ ክርክር ይዟል። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት «ወይኔ ልጄን! ይሄ ብርድ ይገድለው የለ?» አሉ። ረዳቱ ሒሳብ እየተቀበለ፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ፣ «እሱን ብርድ አይነካውም፣ ማዘር። እብድን በሽታም ይፈራዋል» አላቸው። ግማሾቻችን ሳቅን። ግማሾቻችን ደግሞ እውነቱን ነው ብለን ራሳችንን ነቀነቅን። እኔ ከነቀነቁት ነበርኩ።

ያን ጊዜ ለምን እንደነቀነቅሁ አሁን ይገባኛል። ዓይናችን የሚያየው የቆመውን ነው። ትናንት በዝናብ ያየነው ሰው ዛሬም እዚያው ካለ «ይኸው፣ ምንም አልሆነም» እንላለን። ባለፈው ክረምት እዚያው ጥግ ይቀመጥ የነበረው፣ ዘንድሮ ግን የሌለው ሌላኛው ሰውዬ ትዝ አይለንም። ዕድር የለው፣ ለቅሶ የለው። ያልተለቀሰለት ሰው እንዳልሞተ ይቆጠራል።

ቆጥሮ ያየ ግን አለ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ቡታጅራ በአእምሮ ጤና ምርምር ስሟ ከአገር አልፎ የሚጠራ ከተማ ናት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ እ.ኤ.አ. በ1986 በአካባቢው የገጠር ጤና ምርምር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ተመራማሪዎቹ እነ ደረጀ ከበደና አታላይ ዓለም ጠያቂዎችን በየበሩ ላኩ። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነ 68,378 ሰዎች ተጠየቁ። ከእነዚህ መካከል ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ ማለትም ስኪዞፍሬንያ፣ ባይፖላር ወይም ከባድ ድብርት የተገኘባቸው 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ያህል ክትትል ተደረገላቸው።

በእነዚያ ዓመታት 121ዱ ሞቱ። ይህ ከአካባቢው ሕዝብ የሞት መጠን እጥፍ ነው። ሊኖሩት ይገባ ከነበረው ዕድሜ ሠላሳ ዓመት ገደማ ተቀንሶባቸዋል። ከሞቱት ግማሽ ያህሉን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነው። «በሽታ ይፈራቸዋል» የተባሉት ሰዎች የሞቱት ጎረቤታቸው በሚሞትበት ያው በተለመደው በሽታ ነው፤ ልዩነቱ እነሱን ታመሙ ብሎ ጤና ጣቢያ የሚወስዳቸው ሰው ማነሱ ነው። ታማሚው «ትኩሳት አለኝ» ቢል እንኳ ማን ያምነዋል? የተናገረው ሁሉ ከእብደቱ ይቆጠራል።

በዚያው የሞት መዝገብ ውስጥ ራስን ማጥፋትና አደጋ አሉ፤ በሰው እጅ መገደልም አለ። ልጆቻችንን «እብዱ እንዳይገድልህ» እያልን እናሳድጋለን። የቡታጅራው መዝገብ የተገደለውም እሱ እንደነበር ይነግረናል።

ሌላው ከአፋችን የማይጠፋው አባባል የአእምሮ ሕመም የከተማ ነው፣ የዘመናዊነት ነው የሚለው ነው። ገጠሬው እርሻው ላይ ውሎ ደክሞት ይተኛል፤ መቼ ጊዜ አግኝቶ ይጨነቃል ይባላል። በቡታጅራና አካባቢዋ የተገኘው የስኪዞፍሬንያ መጠን ከ1,000 ሰው 4.7 ነበር፤ ሌላው ዓለም ላይ ከሚነገረው ብዙም የማይርቅ ቁጥር ነው። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ሰዎቹ የተገኙበት መንገድ ነው። ተመራማሪዎቹ መጠይቁን ብቻ አላመኑም፤ የአካባቢውን ሽማግሌዎችና አዋቂዎችም «እዚህ መንደር እንዲህ እንዲህ የሚያደርገው ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ። ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን በማግኘት ረገድ የእነዚህ ሰዎች ጥቆማ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ስለዚህ ገጠሩ የአእምሮ ሕመም አጥቶ አያውቅም። መንደሩ ሁሉንም ያውቅ ነበር፤ የጠየቀው አልነበረም እንጂ።

እርግጥ የሚደብቅም ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ስንል ደባቂውን ሞኝ አድርገን ነው። በዚያው በቡታጅራ ከ178 የታማሚ ዘመዶች መካከል 75 በመቶው በቤተሰባቸው ባለው ሕመም የተነሳ መገለል እንደሚደርስባቸው ተናግረዋል፤ 37 በመቶው ሕመሙ እንዳይታወቅባቸው ይፈልጉ ነበር። ለጋብቻ ሰባት ቤት በሚቆጠርበት አገር፣ ወንድሟ አእምሮውን የታመመባት ልጅ ማን ይጠይቃታል? እናትየው የሚደብቁት የልጃቸውን በሽታ ብቻ ሳይሆን የሴት ልጃቸውን ዕድልም ጭምር ነው። ይህ ስሌት ነው፣ አለማወቅ አይደለም።

ስለ መነሻውም የምንለው ብዙ ነው። እያንዳንዱ ሰፈር «ትምህርት በዝቶበት ያበደ» አንድ ጎበዝ ተማሪ አለው። የእኛም ሰፈር ነበረው፤ ሒሳብ ሲሠራ ሌሊቱ ይነጋበት ነበር ይባላል። የቆሎ ተማሪ ከሆነ ደግሞ አስማት ሲደግም መንፈስ ጎትቶ ነው። ስኪዞፍሬንያ ብዙ ጊዜ ራሱን የሚገልጠው በአፍላ ወጣትነትና በሃያዎቹ ዕድሜ ነው፤ ልጁ ለፈተና የሚቀመጥበት፣ ዩኒቨርሲቲ የሚገባበት፣ ቅኔ ቤት የሚሰነብትበት ዕድሜ ማለት ነው። ሁለቱ በአንድ ወቅት ስለተገናኙ አንዱ ሌላውን የወለደው መሰለን። እንቅልፍ ማጣቱም ብዙ ጊዜ የሕመሙ ምክንያት ሳይሆን መጀመሪያው ነው፤ ልጁ የሚያነበው እንቅልፍ እምቢ ስላለው ሊሆን ይችላል።

ጫትንም በአጭሩ እናንሳው። አብዝቶ መቃም ሕመሙን ሊያነሳሳና ሊያባብስ እንደሚችል ሐኪሞች ይስማማሉ። «ጫት ነው ያሳበደው» ብሎ ፋይሉን መዝጋት ግን አያስኬድም። በቡታጅራ 10,468 አዋቂዎች በተጠየቁበት ጥናት ግማሹ በወቅቱ ጫት ይቅም ነበር። ግማሹ ሕዝብ ይቅማል፤ ስኪዞፍሬንያ ያለበት ከ1,000 አምስት አይሞላም። ነገሩ ጫት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቡታጅራ ገበያዋ በቆመ ቁጥር የምንሰማው ሌላ ነበር።

አሁን ወደ ከበደው ጉዳይ። መንፈስ ነው፣ ዛር ነው፣ ልክፍት ነው፣ መድኃኒት አይነካውም ይባላል። እዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ የተሳሳቱ ሐሳቦች አሉ፤ ሁለቱም ታማሚውን ይጎዱታል። አንደኛው ጠበል የጀመረ ሰው ክኒን ከዋጠ ጠበሉ ይረክስበታል የሚለው ነው። ብዙ ሰው መድኃኒቱን ያቋረጠው በዚህ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የተማርነው የምንለው ነው፦ ጠበል ኋላ ቀርነት ነውና ሰዉን ከዚያ ማስወጣት ነው የሚለው። በአዲስ አበባ አንድ ጠበል ቦታ ላይ አጥማቂ ካህናትና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች አብረው የሚሠሩበት አሠራር ተጠንቷል። ታማሚው ጠዋት ይጠመቃል፣ መድኃኒቱንም ይወስዳል፤ ካህኑ ሐኪም ማየት አለበት ያለውን ይልካል። ቀደም ሲል በኤች አይ ቪ ዘመንም ተመሳሳይ ጭንቅ መጥቶ የያኔው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ምእመናኑ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረው ነበር። ለታማሚው የሚጠቅመው የክርክሩ አሸናፊ አይደለም። ክኒኑን ሳያቋርጥ፣ ከሚያምንበትም ሳይነጠል መዋሉ ነው።

ስለ ሰንሰለቱም የምለው አለኝ። በእግር ብረት ወይም በገመድ ታስሮ ጓሮ የተቀመጠ ሰው ፎቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲወጣ ከሥሩ የሚጻፈው ሁሉ የቤተሰቡን ጭካኔ የሚረግም ነው። ከቡታጅራ ብዙም በማይርቀው የሶዶ ወረዳ ተመራማሪዎች አስረው የነበሩ ቤተሰቦችን ሲጠይቁ ያገኙት ሌላ ነው። አባት እርሻ ሲወርድ ልጁ ወንዝ እንዳይገባበት ያስራል። እናት ገበያ ስትሄድ ቤቱን በእሳት እንዳያነድ ታስራለች። አንዳንዱ የሚታሰረው ሐኪም ቤት ለመውሰድ ነው። የሚጠብቅ ሁለተኛ ሰው፣ የመኪና ገንዘብና ቅርብ ሕክምና የሌለው ቤት ከገመድ ሌላ ምን ቀረው? ማሰሩ ሰውየውን ይጎዳዋል፣ ክብሩንም ይነካል፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ግን ቤተሰቡን በመርገም የተፈታ ሰው አላየሁም።

«ሐኪም ቤት» ሲባል ደግሞ አእምሯችን የሚሮጠው ወደ አንድ ቦታ ነው፦ አማኑኤል። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ያለው ይህ ሆስፒታል ስሙ ራሱ ስድብ ሆኗል፤ «ይሄ አማኑኤል ያስፈልገዋል» እንባባላለን። እንዲህ የሆነው ለረጅም ዘመን ሌላ ስላልነበረ ነው። ሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶችን አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን እየተመላለሱ ያግዙ ነበር። ከዚያ በፊት ሐኪሙ ውጭ አገር ሄዶ መማር ነበረበት፤ የሄደ ሁሉ ደግሞ አይመለስም ነበር።

ከዚህ የተወለደው እምነት የአእምሮ ሕመም ያለ ስፔሻሊስት አይታከምም የሚል ነው። በቡታጅራ አካባቢ ይህ በወጉ ተፈትኗል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 329 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በቡታጅራ ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ነርሶች መታየታቸውን ቀጠሉ። ሌሎቹ በየቀበሌያቸው አቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ ተላኩ፤ እዚያ የሚያዩአቸው ወባና የሳምባ ምች የሚያክሙት፣ አጭር ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመው ውጤት መሠረት ከዓመት በኋላ የጤና ጣቢያዎቹ ታካሚዎች ከሆስፒታሉ ታካሚዎች የባሰ ሁኔታ ላይ አልነበሩም። በዚያው ዓመት ሌላ ሙከራም ታተመ፤ በ166 ስኪዞፍሬንያ ባለባቸው ሰዎች ላይ የተደረገ ነው። ለግማሾቹ ከጤና ጣቢያው ሕክምና በተጨማሪ የአካባቢው ተወላጅ የሆኑ፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሠራተኞች ቤታቸው እየሄዱ ይደግፏቸው ነበር፦ መድኃኒት አትርሳ፣ ሰንበቴ ብቅ በል፣ ዕድር ስብሰባ ላይ ተቀመጥ፣ ያንን በግ የማርባት ነገር እንሞክረው። በዓመቱ ሠርቶ የመኖርና ከሰው ጋር የመዋል አቅማቸው ከሌሎቹ በልጦ ተሻሻለ።

ዝም የሚሉ ታማሚዎችም አሉ፤ ስለእነሱ የሚነገረው ስህተት እንኳ ዝግ ባለ ድምፅ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ስታለቅስ «ሆድ ባሳት» ይባላል። አራስ ስትከፋ ገንፎ ይጨመርላታል። «ድብርት የፈረንጅ በሽታ ነው፤ የእኛ ሴት ብቻዋን አትወልድ፣ ብቻዋን አትታረስ» የሚል ኩራትም አለን። ኩራቱ መሠረት የለውም አልልም፤ አራስ የሚጠይቅ ጎረቤት ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን በቡታጅራ መውለጃቸው የተቃረበ 1,065 ሴቶች ስለ እንቅልፋቸው፣ ስለ ምግብ ፍላጎታቸው፣ ስለ ድንጋጤያቸውና ስለ ለቅሷቸው ሲጠየቁ 12 በመቶው ከፍ ያለ የጭንቀትና የድብርት ምልክት ታየባቸው። እነዚህ ሴቶች ምጥ የመርዘሙ ዕድል ከፍ ያለባቸው ነበሩ፤ ሕፃኑን ጡት ለማስጀመር የመዘግየታቸው ዕድል ደግሞ ከሌሎቹ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ከወሊድ በኋላም ችግሩ የቀጠለባት እናት ሕፃን በተቅማጥ የመያዙ ዕድል ከእጥፍ በላይ ነው። «ሆድ ባሳት» ያልነው ነገር የሕፃኑን ሆድ ድረስ ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ፍርዳችን የሚከፋው ከዐረብ አገር በተመለሰችው ልጅ ላይ ነው። ቦሌ ላይ ያለ ሻንጣ ትወርዳለች፤ ዓይኗ አንድ ቦታ ተተክሏል፤ ለጥሪ አትመልስም። ሰፈሩ ሁለት ማብራሪያ አለው። አንደኛው «ማዳሟ መድኃኒት አስደርጋባት ነው» ይላል። ሁለተኛው «ድሮም ልቧ ደካማ ነበር፤ እነ እገሌ ችለው ቤት ሠርተው የለ?» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት ራሳቸው ተመላሾቹ ሴቶች በቡድን ተቀምጠው ተናገሩ። የዘረዘሩት ድግምት አልነበረም፦ ጉልበታቸው መበዝበዙን፣ ከሰውና ከአገራቸው ወግ በግድ መነጠላቸውን፣ ማንነታቸው መናቁን፣ ያሰቡትና ያገኙት ለየቅል መሆኑን ነው የነገሩት። በዐረብ አገሮቹ የአሠሪ ዋስትና (ከፋላ) ሥርዓት ሠራተኛዋ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ሥራ መቀየር የማትችልበት፣ ከአገር ለመውጣትም የእሱን እሺታ የምትጠብቅበት ጊዜ ነበር፤ ፓስፖርቷም አብዛኛውን ጊዜ በእሱ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ለሁለት ዓመት በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይናገር፣ ስሙም ተቀይሮ የሚጠራ ጠንካራ ወንድ አምጡልኝና ልቡን እንመዝን። እዚያው ጥናት ላይ ሴቶቹ የጠቀማቸውንም ተናግረዋል፦ ሃይማኖታቸውንና የአገራቸውን ወግ አጥብቀው መያዛቸው ነው። ሳውዲ ዐረቢያ እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ውኃና ብርድ ልብስ ይታደል ነበር። ቤት ሲደርሱ ብዙዎቹን የጠበቃቸው ጥያቄ ግን «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ነው።

የመጨረሻው ስህተት የእኔ የራሴም ነበር። መድኃኒቱን ያቋረጠ ታማሚ ስመለከት «ግትር ነው፤ አልታመምኩም ይላል» ብዬ አስብ ነበር። እንዲህ የሚሉ አሉ፤ መድኃኒቱ የሚያንቀጠቅጠውና የሚያደነዝዘውም አለ። ቡታጅራ ላይ መድኃኒት ለምን እንደሚቋረጥ ታማሚዎችና ቤተሰቦቻቸው ሲጠየቁ ግን ከመልሶቹ መካከል አንዱ ረሃብ ነበር። ከእነዚህ መድኃኒቶች ብዙዎቹ የምግብ ፍላጎት ይከፍታሉ። ጎተራው ላልጎደለ ሰው ይህ መወፈር ነው። በቀን አንድ ጊዜ ለሚበላ ቤት ግን ክኒኑን የዋጠው ልጅ የእህቶቹን ድርሻ ጨምሮ ቢበላም አይጠግብም። ስለዚህ መድኃኒቱን ይተዋል፤ ወይም እናቱ ልቧ እየደማ ታስተወዋለች። በካርዱ ላይ «ትእዛዝ አይከተልም» ተብሎ የሚጻፍበት ይህ ሰው ነው።

ሶዶ ላይ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ያለባቸው ቤቶች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ ጽኑ የምግብ እጥረት የደረሰባቸው በእጥፍ ገደማ ይበልጡ ነበር፤ 32.5 በመቶ ለ15.9። አንድ አራሽ እጅ ሲታመም ሌላው እጅ እሱን በመጠበቅ ይታሰራል፤ በሬው ለጠበልና ለመኪና ይሸጣል። ሕክምናው በየጤና ጣቢያው ከገባ በኋላ እነዚያው ቤቶች እንደገና ተጠየቁ። ረሃቡ ቀንሶ ተገኘ። ጤና ጣቢያው የሰጠው ሕክምና እንጂ እህል አልነበረም፤ የተሻለው ሰው ግን ወደ እርሻው ሊመለስ ይችላል።